በክብደቱ የተመረጠ ሬዲዮ

ሐበሻ ዕቃ ሲገዛ ዓይኑን አያምንም፤ እጁን ነው የሚያምነው! ከባድ ከሆነ ኦሪጅናል፣ ቀላል ከሆነ ፎርጅድ... አለቀ። አትሳቁ! እናንተም ሱቅ ገብታችሁ ቴፕ ብድግ እያደረጋችሁ እንደ ፋሲካ ዶሮ ስትመዝኑ አይቻችኋለሁ።

እኔም ከእናንተው ወገን ነኝ። ሰብለን ለማግባት ቆርጬ ሽማግሌ ልልክ ነው። አባቷ አቶ ይልማ ከአዲስ አበባ አሜሪካ መጥተው ቨርጂኒያ፣ በርክ የምትባል ከተማ፣ እሷ ዘንድ ሰንብተዋል፤ መመለሻቸውም ደርሷል። እሺ ሳይሉ ከሄዱ አበቃልኝ! ሰውዬው ምሳ ቢያልፋቸው ግድ የላቸውም፤ ዜና ካለፋቸው ግን ይታመማሉ። እናም "ሽማግሌዎቼ ባዶ እጃቸውን ከሚሄዱ አንድ ጥሩ ሬዲዮ ይያዙ" አልኩ። ማን ጠየቀህ አትሉኝም? አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል!

እዚያው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ፣ አንድ አሜሪካዊ የመኪናውን የኋላ ትራንክ ከፍቶ ሬዲዮ ይሸጣል። የሚያብረቀርቅ፣ ቁልፉ የበዛ። አንዱን ባነሳው ክንዴ ወረደ። "ይሄማ ብረት ነው!" ብዬ ሳልከራከር ገዛሁት። ቻይና ተሠርቶ፣ የጃፓን ስም ወጥቶለት፣ አሜሪካዊ ሸጦት፣ ሐበሻ የተሸወደበት... ዓለም አቀፍ ትብብር ማለት ይኸው ነው።

በወጉ ሽማግሌ ሲሄድ ባለጉዳዩ አብሮ አይሄድም። ግን የዋናው ሽማግሌ የጋሽ ተፈራ ታክሲ ጋራዥ ገብታለች፤ ስለዚህ ከሜሪላንድ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ራሴ ነድቼ ሰብለ ቤት አደረስኳቸውና መኪናዬ ውስጥ አጎንብሼ ተደበቅሁ።

ብዙም ሳይቆዩ ጋሽ ተፈራ ወጡ። ፊታቸው ጠቁሯል።

"ና ግባ፤ ይፈልጉሃል።"

"እሺ አሉ እንዴ?"

"የምን እሺ! የዜና ሰዓት ደርሶ ሬዲዮውን ከፈቱት።"

"እና?"

"እናማ ትንፍሽ አልል አለ። ነቅነቅ ቢያደርጉት ጀርባው ተገንጥሎ... ና ራስህ እየው!"

ገባሁ። ሬዲዮው ሆዱን ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ተዘርሯል። አጠገቡ ቡጢ የምታህል፣ በፕላስተር የተጠቀለለች ድንጋይ! ለካ ያ ሁሉ ክብደት እሷ ኖራለች። ሰብለን ያጣኋት ያኔውኑ መሰለኝ።

አቶ ይልማ ድንጋይዋን በመዳፋቸው መዘን መዘን አደረጉና "መቼም ድንጋይዋ ኦሪጅናል ናት" አሉ። የሳቀ የለም።

"ሬዲዮውን የመረጥከው አንተ ነህ?"

"አዎ፣ ጋሼ..."

"ልጄንም የመረጥካት በዚሁ ዓይንህ ነው?"

እስቲ እናንተ መልሱት! አዎ ብል ሰብለን ፎርጅድ ማለቴ ነው፤ አይ ብል ደግሞ በማን ዓይን ልል ነው? ለነገር የማያንሱት ጋሽ ተፈራ እንኳ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

ይሄኔ ሰብለ ከኪችን ብቅ አለች። "አባዬ፣ እሱን ተዉት። እሱን የመረጥኩትስ እኔ ነኝ!"

አቶ ይልማ እሷንም እኔንም አፈራርቀው አዩ። ከዚያ ተነሡና ትከሻዬን በሁለት እጃቸው ይዘው ነቀነቁኝ... አጥብቀው ነቀነቁኝ! ጆሯቸውንም ወደ ደረቴ አስጠጉ።

"ምንም የሚንኳኳ ነገር የለውም" አሉ።

ጋሽ ተፈራ ደነገጡ። "ምነው፣ ባዶ ነው እንዴ?"

"ባዶም ቢሆን ድንጋይ አልከተቱበትም። ሰጥቻለሁ!"