ሰው የመያዝ ፈቃድ

ከመተኛቴ በፊት እርሻዬ ላይ አራት መቶ አሥራ ሁለት የበቆሎ አገዳ ቆሞ ነበር። ጠዋት ቆጥሬዋለሁ። ከዚያ ማማው ላይ ወጣሁ፤ ወንጭፌን ከጎኔ አስቀምጬ ደብተሬን ገለጥኩ። ከርከሮ የሚመልስ፣ ማግነም የሚሉትን ኃይለኛ ጥይት የሚችል፣ በየተኩሱ በአውራ ጣት የሚቀባበል ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ መምረጥ ከጀመርኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። የአንዱን ክብደት ከሌላው ጋር ሳስተያይ የቀትር ፀሐይ አዘናጋኝና ይህን አየሁ።

ሰው የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ መደርደሪያ ላይ ተቀምጫለሁ። ክብደቴ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል። ያልተመረጠ ሰው ቀልጦ ምስማር እንደሚሆን ከጎኔ ያሉት ነግረውኛል። አንድ ሽማግሌ ሽጉጥ፣ ሰው የመያዝ ፈቃዱን ለሻጩ ለዝንጀሮው አሳይቶ ወደ እኔ መጣ።

«ይሄ ስንት ኪሎ ነው?»

«ሃምሳ ስምንት፣ ጋሼ» አለ ዝንጀሮው።

«ቀላል ሰው ይራገጣል። ማግነም ያጎረስኩት ለት እጀታዬን ነው የሚሰነጥቀው።»

«አልራገጥም፣ ጋሼ» አልኩ።

አውራ ጣቴን ይዞ ወደ ኋላ ሳበው። ጉልበቴ ቀጭ አለ።

«አቀባበሉስ ደህና ነው። ዋስ አለው?»

ዋስ አልነበረኝም። ዝንጀሮው «ምስማር ይሁን» የሚለውን ማኅተም አነሳ። ይሄኔ አንድ ከርከሮ መታወቂያውን ክራንቻው ላይ ሰክቶ ገባ።

«እኔ ዋስ እሆነዋለሁ።»

«ታውቀዋለህ?» አለ ሽማግሌው።

«ጎረቤቴ እኮ ነው! ሰባት ጊዜ ወንጭፎ ሰባቱንም ስቶኛል። እንዲህ ያለ ጨዋ ከየት ይገኛል?»

ፈረመ። ማኅተሙ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ትንፋሼም እንዲሁ።

«እንግዲህ ልውሰደው» አለ ሽማግሌው።

«ኧረ ምን አስቸኮለዎት፣ ጋሼ! የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ረጋ ብለው ይመርምሩት። ጥርሱን ይዩ፣ ጣቱን ይለኩ። እኔ እንደሆንኩ አልቸኩልም።»

ከርከሮው ሲናገር ያኝክ ነበር።

«ምንድን ነው የምትበላው?» አልኩት።

«ጠዋት ቆጥረኸው የለም እንዴ?» አለኝ።

ነቃሁ። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዞራለች። ባለቤቴ እማዋይሽ ከማማው ሥር እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች።

«አንተ ሰውዬ» አለችኝ፤ «መረጥክ?»

ወርጄ ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። ሁለቱንም ጊዜ አሥራ ዘጠኝ አገዳ ነበር።