ኪቦርዴ እምቢ ያለ ቀን

ሐይቅ ከተማ ላይ አንዲት ጠባብ ጽሕፈት ቤት አለችኝ። በሯ ላይ «ኮምፒውተር እንጽፋለን፣ እንጠግናለን» የሚል ለጥፌያለሁ። «እንጠግናለን» ያልኩት ለማሳመር ነው፤ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ መጠገኑንም አልችልም።

አንድ ጠዋት ዘሃራ መጣች። እዚሁ አጠገብ የአርዲቦ ልጅ ናት፤ ሰባት ዓመት ዓረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ ተመልሳለች። ውጫሌ ከተማ አንድ የእህል ነጋዴ ጸሐፊ ይፈልጋል፤ ማመልከቻ የሚቀበለው እስከዚያ ቀን ቀትር ብቻ ነው። ማመልከቻዋን በዋዜማው ጽፌላታለሁ፤ የቀረው ማተም ነው።

ኮምፒውተሩን አበራሁት። ጥቁሩ ስክሪን ላይ በእንግሊዝኛ «ኪቦርድ አልተገኘም፤ ለመቀጠል ኤፍ ዋን የሚለውን ቁልፍ ተጫን» የሚል ወጣ። እስቲ ንገሩኝ፣ የሌለ ኪቦርድ በምን ይጫኑታል? እኔ ግን ጣቴ እስኪቀላ ተጫንኩት። አጥፍቼ አበራሁ። ኪቦርዱን ገልብጬ አራገፍኩት፤ የቆሎ ፍርፋሪ ወረደ እንጂ ለውጥ የለም።

«ምን ሆኖ ነው፣ ወንድምዓለም?» አለችኝ።

አላውቅም ማለት አቃተኝ። ውስጡ ሳይቃጠል አልቀረም፣ ደሴ መሄድ አለበት አልኳት።

«ደሴ ደርሶ እስኪመለስማ አለፈኝ። ሰባት ዓመት የሰው ቤት ጠርጌ፣ አሁን ወንበር ላይ ልቀመጥ ስል» አለች። ድምጿ ዝቅ አለ። ከዚያ ፊቷን አበሰችና፣ «ገመዱ የት ነው የሚገባው?» አለች።

«ከኋላ። ትናንት ማታ ስጠርግ ነቅዬ ራሴ ሰክቼዋለሁ።»

ጠረጴዛውን መሳብ ሰንፌ በዳበሳ መሰካቴን አልነገርኳትም። እሷ ጠረጴዛውን ሳብ አድርጋ ገመዱን በጣቷ ተከተለችው። ግድግዳው ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ይሄ እኮ የስልክ ቻርጀር ላይ ነው የተሰካው።»

ኪቦርዴ ቻርጅ ሲደረግ አድሯል። ነቅላ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካችው፤ ኤፍ ዋንን አንዴ ነካሁት፣ ተከፈተ።

«አፉ በይኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳት።

«አፉ ብያለሁ። ግን አንድ መስመር ጨምርልኝ፤ ኮምፒውተር መጠገን እችላለሁ በልልኝ። ምስክሬም አንተ ነህ።»

ጻፍኩት፤ ከሥሩም ስሜንና ስልኬን አኑሬ አተምኩላት። በሰዓቱ ደረሰች፣ ሥራውንም አገኘች። ነጋዴው ሳይቀጥራት በፊት ግን ደውሎልኝ ነበር። እውነት ትጠግናለች ወይ አለኝ። በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ አልኩት። የማንን ኮምፒውተር ነው የጠገነችው ሲለኝ ግን፣ ኔትወርኩ ተቆራረጠብኝ።