ተራ ምእመን ያጣው ኅብረት

ሹመት የሚወድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አሮጊቷ በዙረቴ ብዙ አይቻለሁ፤ የኮሶዬዎቹን የሚያህል ግን አላጋጠመኝም።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው። የጎንደር፣ የማክሰኝትና የኮሶዬ ሦስት የባፕቲስት ጉባኤዎች ኮሶዬ ላይ ተገናኝተው አገር አቀፍ ኅብረት መሠረቱ። አገር አቀፍ ስላችሁ ብዙ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ሁሉንም አንድ የኮሶ ዛፍ አስጠልሏቸዋል፤ እኔም መንገደኛዋ ዳር አርፌ አያለሁ። ጠዋት ምርጫው ሲያልቅ ከመካከላቸው ሊቀ መንበር፣ ምክትል፣ ጸሐፊ ወይም የጸሐፊ ረዳት ያልሆነ አልተገኘም።

ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ጥሩነሽ የሚባሉ የኮሶዬ ባልቴት ሊጠመቁ ወንዝ ገቡ። በእነሱ ደንብ፣ የሚያምነው ሰው ካደገ በኋላ ሙሉ ሰውነቱ ውኃ ውስጥ ይነከራል። ውኃው ጉልበታቸው ላይ ሲደርስ ክርክር ተነሣ። የሚያጠምቃቸው የኮሶዬ ጉባኤ ነው ወይስ ኅብረቱ? ሊቀ መንበሩ ነገሩን ለማስረዳት የኅብረቱን ታሪክ ከወረቀት ያነቡ ጀመር። ጠዋት የተወለደ ኅብረት ያን ሁሉ ታሪክ ከየት አመጣው?

“ምነው አያ ሊቀ መንበር! እግሬ ደነዘዘ እኮ!” አሉ ወይዘሮ ጥሩነሽ።

“ትንሽ ይታገሡ እናቴ፤ ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ነን።”

“እናንተ ታሪክ ስታነቡ እኔ ታሪክ ሆኜ ልቀር ነው!”

ይህን ብለው ዳር የቆመውን የኮሶዬ ሰባኪ እጁን ይዘው ከነጫማው ጎተቱት። እሱም ያለ ድምፅ ብልጫ አጠመቃቸው።

እየተንቀጠቀጡ ሲወጡ ነጠላዬን ደረብሁላቸው። ኅብረቱም ደስ ብሎት እዚያው የሴቶች ክፍል ኃላፊ አድርጎ መረጣቸው።

“እሰይ! ታዲያ ተራ ምእመን ማን ቀረ?” አሉ ወይዘሮ ጥሩነሽ።

ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ።

ነጠላዬን እንኳ ሳልጠይቅ የደባርቅን መንገድ ያዝሁ።