ኮንስታብል ይሄነው አሥራ ሰባት ታርጋ ያጠቡበት ዜና

በዘመነ ሉቃስ፣ ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ በየቢሮው በነገሠ በሦስተኛው ዓመት፣ በወርኀ ሐምሌ፣ ጭቃ አገሩን ሁሉ ገዝቶ ባስገበረበት ሰሞን፣ የመካነ ሰላም ኬላ ጠባቂ፣ ገመድ ወጣሪ፣ ገመድ አውራጅ፣ ባለ ፊሽካው ኮንስታብል ይሄነው የሠሩትን ታላቅ ሥራ እንጽፋለን። ይህንም ከሰው አፍ አልሰማሁትም። ከተያዙት መኪኖች በአሥራ አራተኛው ውስጥ፣ በድንች ጆንያና በሁለት በግ መካከል ተጣብቄ፣ ጉልበቴ እየደነዘዘ በዐይኔ ያየሁት ነው።

የነገሩ መነሻ እንዲህ ነው። ሩቂያ የምትባል ሴት ዘጠኝ ዓመት ጅዳ ሠርታ ስትመለስ አንዲት ነጭ ሚኒባስ ገዛች፤ ከእርሷም በቀር በዚህ ዓለም ሌላ ጥሪት አልነበራትም። በዕለተ ዓርብ ሾፌሯ አዩብ ለጁምዓ ሶላት ገብቶ ሲወጣ ሚኒባሷ ከቆመችበት የለችም። ሩቂያም ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም፤ የታርጋዋን ቁጥር ብቻ እንደ ዱዓ ስትደጋግም ሰነበተች።

ወበውእቱ መዋዕል ኮንስታብል ይሄነው ከደሴ ሥልጠና ተመልሰው ነበርና፣ በባሕር ማዶ ከመንገድ ዳር የሚቆም ካሜራ እንዳለ፣ የሚያልፈውን ታርጋ ሁሉ እያነበበ ከተሰረቁት ዝርዝር ጋር እንደሚያስተያይ፣ የሌባውንም ባገኘ ጊዜ ለፖሊስ እንደሚጮህ ያውቁ ነበር። ስለዚህ አንድ ካሜራ ይላክልን ብለው ወደ በላይ አካል ጻፉ። ከበላይም «በውስጥ አቅም ተጠቀሙ» የሚል መልስ ወረደ። የውስጥ አቅሙም ተቆጠረ፦ አንድ ቢጫ ጀሪካን፣ አንድ የልብስ ብሩሽ፣ ግማሽ ሳሙና፣ ሚሊሻ ታደለ ውኃ ቀጂ፣ ሚሊሻ አሕመድኑር ዣንጥላ ያዥ፤ ዣንጥላውም አንድ ዘንግ የጎደለው ነበር።

ሰኞ ማለዳ ሩቂያን አስከትለው ወደ አቀስታ በሚያወጣው ኬላ ገመዱን ወጥረው ቆሙ። ነገር ግን ቀድሞ የመጣው ታርጋ ሁሉ ጭቃ ለብሶ ስለነበር አንዱንም ማንበብ አልቻሉም፤ ያ ካሜራ ቢመጣ እንኳ ጭቃ አንብቦ ይመለስ ነበር። እምዝም የአባቶችን ሥርዓት አስበው፣ ድንጋይ ላይ ወጥተው አዋጅ ነገሩ፦

«ሾፌር የሆንህ፣ ረዳት የሆንህ፣ ተሳፋሪም የሆንህ ስማ! ከብት ሲጠፋ አባቶቻችን አገሩን አውጫጭ ያስቀምጡ ነበር፤ ሌባው ሳይወጣ ቤቱ የሚገባ አልነበረም። ዛሬ አውጫጭ የተቀመጠው መኪና ነው! የሁሉም ታርጋ ታጥቦ ሳይነበብ ይህ ገመድ አይወርድም!»

ተሳፋሪውም አጉረመረመ፤ በጎቹም ጮኹ። የሰልፉ ዘጠነኛ የመንግሥት ፒካፕ ነበረች፤ ከውስጧም መስኮት ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ሌላ አዋጅ ወጣ፦ «ለግምገማ የምንቸኩል ሰዎች ነን! ገመዱ ባይወርድ ነገ የሚገመገመው ማን እንደሆነ ይታወቅ!» ኮንስታብል ይሄነው ይህን ሰምተው አምስቱን ልጆቻቸውን አሰቡ። ሆኖም ገመዱን አላወረዱም። ለመንግሥት ታርጋ ሳሙና ጨመር አደረጉ እንጂ።

እንዲህ እየተንበረከኩ አሥራ አንዱን አጥበው አነበቡ፤ የሩቂያ ቁጥር ግን አልተገኘም። እርሷም ከዝናቡ ሸሽታ፣ እስከ መስኮቷ ጭቃ የለበሰች አንዲት ሚኒባስ ተደግፋ ቆማ ነበር። ይህችም አሥራ ሁለተኛዋ ናት። ሌላ አካሏ ሁሉ ጭቃ ሲሆን ታርጋዋ ብቻ በላስቲክ ተሸፍኖ፣ ከሩቅ የሚነበብ፣ እንደ ሙሽራ የጸዳ ነበር። ኮንስታብሉም ልባቸው ደስ ብሎት ሁለተኛ አዋጅ ነገሩ፦ «ታርጋ አያያዝ ከዚህ ሰው ተማሩ! ይህ ሞዴል ሾፌር ነው!» ሾፌሩም እጅ ነሣ፤ ሕዝቡም ሳይወድ አጨበጨበ። ካሜራው ቢኖር ኖሮ መርቆ ይሸኘው ነበር።

ይሄነው ግን አድልዎ የማያውቁ ናቸውና ላስቲኩን ገልጠው ሞዴሉንም ያጥቡት ጀመር። በሦስተኛው ፍትጊያ ቁጥሩ ከብሩሹ ጋር መጣ! ኮንስታብሉ ደነገጡ፤ መንግሥት የሰጠውን ቁጥር በሳሙና ያጠፉ መስሏቸው ፊታቸው ዐመድ መሰለ፤ ከፒካፗም ሳቅ ተሰማ። ነገር ግን ከሥሩ የወጣው ሌላ ቁጥር ነበር፤ ያኛው በኖራ ላይ የተጻፈ ኖሯልና። ሩቂያም ብሩሹ ሳይደርስበት ቀድማ ትጠራው ጀመር፦ «አራት! ሰባት! ሦስት! አንድ! ወላሂ የኔ ናት!» ሾፌሩ ወደ ገብሱ ማሳ ሮጠ፤ ጫማው ጭቃ ውስጥ ቀርቶ እርሱም ከጫማው ብዙ ሳይርቅ በሚሊሻ ታደለ እጅ ወደቀ።

ሩቂያ ግን ወደ ሌባው ዞራ አላየችም። የተደገፈችው የገዛ መኪናዋን እንደነበረ ባወቀች ጊዜ ጭቃውን በሻሿ እየጠረገች አለቀሰች፤ ቀጥላም ሕዝቡ ሁሉ እየሰማ እንዲህ ስትል አወጀች፦

«ያረቢ ምስክሬ ነህ! ዘጠኝ ዓመት የሰው ወለል አጥቤያለሁ፣ የሰው መስኮት አጥቤያለሁ። ለኔ ብሎ ተንበርክኮ የሚያጥብ ሰው ግን ዛሬ ገና አየሁ። አላህ እጅዎን ይባርክልዎ!»

በአሥራ ሰባቱም መኪና ሲያጉረመርም የነበረው ሁሉ አሁን ወዶ አጨበጨበ። እኔም ስለ ጉልበቴ በኮንስታብሉ ላይ ያሰብሁትን ክፉ ነገር በልቤ ሰረዝሁ።

ይሄነውም የቀሩትን አምስት ታርጋዎች ሳያስቀሩ አጠቡ፤ ሥርዓት ነውና። ለበላይ አካል የተላከው ሪፖርት ድሉ የተገኘው «ዘመናዊ አሠራር በመዘርጋት» ነው ይላል፤ ይበል።

እነሆ ሌሎች ጦር ሰብቀው አገር አቀኑ፣ ሌሎች ግንብ ገንብተው ስም ተከሉ። የኬላው ዐምድ፣ የጭቃ ድል አድራጊ፣ ብሩሻቸው ከሰይፍ የተሳለ ኮንስታብል ይሄነው ግን የዘጠኝ ዓመት ላብ በግማሽ ሳሙና አስመለሱ። ክብራቸው በቦረና ደጋ ሁሉ ይነገር፤ ዘራቸው ይብዛ፤ ከግምገማም ይሰውራቸው! ገመዱም በወረደ ጊዜ ፒካፗን በእጃቸው አቁመው ሩቂያን አስቀደሟት።