«እዚችው ናት» ባዩ አያ ውበቱ

በየገበያ ከተማው፣ እንግዳ ምሳውን በሰላም በልቶ እንዳይመለስ የተመደበ አንድ ሰው አለ። ማን እንደመደበው አይታወቅም። ደብዳቤ የለው፣ ማኅተም የለው። መናኸሪያ አካባቢ ይቆማል፤ የማያውቀው ፊት ከአውቶቡስ ሲወርድ ያያል፤ ጠጋ ይላል። ከዚያ በኋላ ያ ምስኪን እንግዳ የመጣበትን ጉዳይ ቢረሳው ይሻለዋል።

የእኛው አያ ውበቱ ናቸው። ከተማችን ከደብረ ማርቆስ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል የምትርቅ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትነቃ፣ በሌላው ቀን የምታንቀላፋ ከተማ ናት። ክቡርነታቸው በዚህች ወረዳ ሠላሳ ዓመት ከብት ሲከትቡ ኖረው ጡረታ ወጡ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መርፌያቸውን ይዘው ከበረት በረት ሲዞሩ ያልረገጡት ጋራ፣ ያልጠጡት ምንጭ የለም። ጡረታ ሲወጡ ከብቶቹ ተገላገሉ፤ ተራው የእኛ ሆነ።

«መምህር አበረ፣ ይህችን ሳታይ እዚህ አገር ኖርሁ እንዳትል!» ይሉኛል። ሂሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ከተማዋ ውስጥ ሰባት ዓመት ኖሬአለሁ። እሳቸው እንደሚሉት ከሆነ ግን ገና አልገባሁም። «የት ነው?» ስላቸው አገጫቸውን ወደ አንዱ ጋራ ቀና አድርገው፣ «እዚችው ናት» ይላሉ። እዚችው ናት ማለት ሁለት ወንዝና አንድ አቀበት ማለት ነው። ሁለቴ ከደገሟት ስንቅ መያዝ ያስፈልጋል።

ታዋቂ ነገር አያሳዩም። «መርጡለ ማርያምንማ ማን የማያውቅ አለ? እኔ የማሳይህ ማንም የማያውቀውን ነው» ይላሉ። ለምን ማንም እንዳላወቀው እቦታው ስትደርሱ ይገባችኋል። አንዱ ግንዱ ሁለት ጊዜ የተጠማዘዘ ወይራ ነው። ሌላው ከአንድ ቦታ ብቻ፣ ያውም ተንበርክከው ሲያዩት ግመል የሚመስል ቋጥኝ ነው።

«ግመል አይተው ያውቃሉ አያ ውበቱ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አላየሁም። ይሄን ካየሁ በኋላ ምን ያደርግልኛል?» አሉኝ።

የቅዳሜ ገበያውም ውስጥ ነፋስ የማይደርስባት አንዲት ጥግ አለቻቸው። በርበሬ ሻጮቹ እዚያ የተቀመጡት በዚሁ ምክንያት መሆኑን ለማስረዳት እንግዳውን በመሀላቸው ገትረው፣ «እስቲ ጋቢህን ዘርጋው፤ ይንቀሳቀሳል?» ይሉታል። አይንቀሳቀስም። እንግዳው ግን እያስነጠሰና እያለቀሰ ነው የሚወጣው። አንድ ጊዜ በደጀን በኩል ሲሚንቶ ጭኖ የመጣ ሾፌር ጎማ ፈነዳበት። ጎማው ተቀይሮ ሲያልቅ ሾፌሩ የለም። ወይራውን ሊያይ ሄዶ ኖሯል።

በእኔ ላይ የደረሰው በደል ከዚህ ይብሳል። አምና ትምህርት ቤታችንን ሊገመግም የመጣው ሱፐርቫይዘር፣ እኔ ሳስተምር ቁጭ ብሎ ሊያይ በነበረበት ሰዓት እግመሉ ፊት ተንበርክኮ ነበር። ሲመለስ የአንድ እግር ጫማው ሶል በእጁ ነበር። ሪፖርቱ ላይ ምን ብሎ እንደጻፈብኝ ታውቃላችሁ? «መምህሩ ከአካባቢው ኅብረተሰብ ጋር ያላቸውን ግንኙነት ሊያስተካክሉ ይገባል።»

ይህ ሁሉ ሲሆን ችያለሁ። ባለፈው ጥር ግን ቤቴ ድረስ መጡብኝ።

ባለቤቴ የኔአለም አባቷን ወደ እኛ ያመጣቻቸው በመስከረም ነው። የኔታ ወልደ ገብርኤል ከአርባ ዓመት በላይ ዜማ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ቀስ በቀስ ደክሞ በክረምቱ ጨርሶ ጠፋ። ተማሪዎቻቸውን ወደ ሌላ መምህር አሰናበቱና እኛ ቤት መጥተው፣ መደቡ ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀመጡ። «ዓይን የሌላቸው ስንት ሊቃውንት ያስተምሩ የለም ወይ?» ስንላቸው፣ «እነሱ ጨለማውን ለምደውታል፤ እኔ ገና እንግዳው ነኝ» ይላሉ። ያ ቅጥር የሚሞላ ድምፃቸው ለጸሎት እንኳ ከከንፈራቸው አልፎ አይሰማም። ሁለት ጉርሻ ይቀምሱና «ይበቃል» ይላሉ። የኔአለም ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች። እኔ ደግሞ የምለው ጠፍቶኝ የተማሪዎቼን ደብተር ሳርም እውላለሁ።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ አንድ እሑድ ጧት አያ ውበቱ ማንም ሳይጠራቸው ገቡ።

«የኔታ፣ አንድ ያላዩት ቦታ አለ» አሉ፣ ገና ሳይቀመጡ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምንኛ ደስ ባለኝ። ዓይናቸው ለጠፋ ሰው! የኔአለም አፏን በነጠላዋ ያዘች። የኔታ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን ከግድግዳው መለሱ።

«ወንድሜ፣ አሁንማ ያላየሁት እየበዛ ነው» አሉ።

«እንግዲያው ካንዱ እንጀምራ። በቅሎ ይዤ መጥቻለሁ።»

«ሩቅ ነው?»

«እዚችው ናት።»

ደጅ አውጥቼ፣ «አያ ውበቱ፣ ግመሉን ሊያሳዩአቸው ነው?» አልኋቸው።

«ግመሉ ላንተ ነው» አሉኝና በቅሎዋን ማስተካከል ጀመሩ።

የኔታ «ልሂድ» ካሉ ማን ይከለክላቸዋል? አብሬ ወጣሁ። አንዱን ወንዝ ተሻገርን። ሁለተኛውን ተሻገርን። ሁለት ሰዓት ሙሉ አያ ውበቱ ልጓም ይዘው ከፊት፣ እኔ የኔታን በጎን ደግፌ፣ በልቤ እየተሳደብሁ ተጓዝን። ቁልቁለቱ ላይ በቅሎዋን ጠጠር አንሸራተታትና በጉልበቷ ወደቀች። የኔታ ወደ እኔ ተንከባለሉ፤ በደረቴ ተቀበልኋቸው፤ ሁለታችንም መሬት ላይ ተዘረርን።

«ሰው ሊገድሉ ነው እንዴ!» ብዬ ጮኽሁ። «ምን አድርገንዎት ነው? እንመለስ!»

አያ ውበቱ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። በቅሎዋን ስበው አስነሡ። የኔታ አቧራቸውን እያራገፉ፣ «እኔ የወደቅሁት አንተ ላይ ነው፤ አልተጎዳሁም። ይህን ያህል መጥቼስ አልመለስም» አሉ።

የደረስንበት ጥቁር ድንጋይ የሞላበት ተዳፋት ነበር። ድንጋይ ብቻ። ወይራ የለ፣ ምንጭ የለ፣ ግመል እንኳ የለ። ልናገር አፌን ስከፍት፣ አያ ውበቱ የኔታን በክንዳቸው ይዘው ወደ አንዱ ቋጥኝ አስጠጓቸውና እጃቸው ላይ ጠጠር አኖሩላቸው።

«ይምቷት፣ የኔታ።»

መቱት። ቋጥኙ እንደ ደወል ጮኸ። ድምፁ በተዳፋቱ ላይ ወርዶ ወርዶ ጠፋ። የድንጋይ ደወል በየቤተ ክርስቲያኑ አንድ ሁለት አይቻለሁ፤ እዚህ ግን ተዳፋቱ በሙሉ ደወል ነበር። አያ ውበቱ እንደነገሩን፣ ያወቁት አንዲት ጊደር ከመርፌያቸው ስትሸሽ ኮቴዋ ድንጋዩን ሲመታው ነው።

የኔታ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ቆሙ። ሁለተኛውን መቱ፤ ሦስተኛውን። በዳበሳ ከድንጋይ ድንጋይ መሄድ ጀመሩ። ልደግፋቸው ስል እጄን ገፉት።

«ይህ ግዕዝ ነው» አሉ ለራሳቸው፣ የዜማውን ስልት እየለዩ። «ይህኛው ዕዝል ይሆናል፣ ቢሠራበት። አንተ ደግሞ ጉንፋን ይዞሃል... አህ! ና አንተ፣ አንተ አራራይ ነህ።»

ድንጋዮቹን እንደ ተማሪ ይቆጧቸው ገቡ። ወዲያው ቁጣው ወደ እኛ ተሻገረ። እኔን ግዕዙ ጋ፣ አያ ውበቱን ዕዝሉ ጋ አቆሙን።

«አበረ፣ ቶሎ ቶሎ አትበል! ውበቱ! ምን ሁነሃል? ከብት እየከተብህ ነው?»

አያ ውበቱ፣ አገር ምድሩን በምክር ሲያደርቁ የኖሩት ሰው፣ እንደ ደቀ መዝሙር አጎነበሱ። ላባቸውን እየጠረጉ እንደገና መቱ። አሁንም ተሳሳቱ። አሁንም ተቆጧቸው። ከዚያ መሀል የኔታ ድምፃቸውን ለቀቁት። ሃሌ ሉያ ብለው ሲያነሱት እጄ ላይ የነበረው ጠጠር ወደቀ። አምስት ወር ሙሉ ያ ድምፅ የት ተቀምጦ እንደነበር አላውቅም። ቀና ብዬ ሳይ አያ ውበቱ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጭነውታል።

ከዚያ ወዲህ ሰላም የለኝም። የኔታ እቤት እንደገቡ ምግብ ጨምሩልኝ አሉ፤ በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ውሰዱኝ አሉ። ፋሲካ ሲያልፍ ሦስት ተማሪዎች ከደብረ ኤልያስ መጥተው አጥሬ ሥር ጎጆ ቀለሱ፤ ገና ሳይነጋ ጩኸታቸው ይቀሰቅሰኛል። እሑድ እሑድ ደግሞ የኔታ ራሳቸው «ውበቱን ጥሩልኝ፤ ዛሬስ ምን አለው?» ይላሉ። በአንድ ፈንታ ሁለት ሆኑብኝ።

ባለፈው ሳምንት፣ ለእሑድ ጉዞ የምንዋሳትን በቅሎ ለባለቤቷ ለወይዘሮ ማንጠግቦሽ ልመልስ ሄድሁ።

«ውበቱ ተሻለው ወይ?» አሉኝ።

«ምን ሆኑና?»

«አልሰማህም? ጥምቀት ሊደርስ ሲል አብዶ ነበር እኮ! ሁለት ሳምንት ሙሉ ዓይኑን በነጠላ አስሮ ከጋራ ጋራ ሲደናበር ከረመ። አንድ ቀን እገደሉ ሥር ጉልበቱ ደምቶ አገኘሁት። ‹ምን ሁነህ ነው?› ብለው፣ ‹ዓይን የማይፈልግ ቦታ እየፈለግሁ ነው› አለኝ። ለጸበል ልወስደው ነበር።»

በቅሎዋን አስሬ ወደ አያ ውበቱ ቤት ሄድሁ። ለካ የጊደሯ ወሬ መሸፈኛ ኖሯል። ምን ልላቸው እንደምሄድ አላወቅሁም። እደጃፋቸው ተቀምጠው፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው ጉልበታቸውን ቅቤ ይቀቡ ነበር። ሲያዩኝ ፈጥነው ሸፈኑት።

«ምነው መምህር፣ የኔታ ደኅና አይደሉም?»

«ደኅና ናቸው» አልሁ። «እ... የሚያሳዩኝ ነገር ይኖራል ወይ ብዬ ነው።»

በሰባት ዓመት ውስጥ እንዲህ ብዬ ጠይቄአቸው አላውቅም። በጥርጣሬ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«አሞሃል እንዴ?» አሉኝ። ጫማቸውን ግን ማሰር ጀምረው ነበር።