የመጋዙን ሌላ ጫፍ ያስያዘኝ ፊልም

ጎበዝ፣ ዛሬ አፌ ያመጣብኝን ጉድ ብነግራችሁ አታምኑኝም! ለካ ጥርስ ያለቀበት አፍም ባለቤቱን ይነክሳል።

ሳላየው ለፊልም ማልሁ። አዎ፣ ለፊልም!

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎረቤቴ ደምሌ ለልጁ ቤት ሊሠራለት ነው፤ ለምሰሶ ብሎ አሮጌውን ጽድ ሊጥለው ቆርጧል። ዛፉ የራሱ ነው፣ ማሳው ዳር ላይ። ከሥሩ የምትፈልቀው ምንጭ ግን የሁላችንም የበጋ ውሃ ናት። የታችኛዋ ምንጭ ዛፎቿ ካለቁ ወዲህ ደርቃለች። ይህችም ከደረቀች እኛ የንፋስ መውጫ ከተማ ሰዎች የሚተርፈን ንፋሱ ብቻ ነው!

ለመንሁት። ተቆጣሁት። አልሰማም አለ።

እኔ ደግሞ ጎረምሳ ሳለሁ ደብረ ታቦር ያየሁት አንድ ፊልም አለ። ከሰማይ የመጡ እንግዶች፣ እናንተ ኤሊየን የምትሏቸው፣ የራሳቸውን ምድር መንጥረው ጨርሰው ከእኛ አንዲት ችግኝ ሊለምኑ ይመጣሉ። ጦር የለ፣ ፍንዳታ የለ። ልመና ብቻ! አዳራሹ ትንፋሹን ውጦ ነበር።

ሰሞኑን ቪዲዮ ቤቱ በር ላይ ያንኑ ስም ተለጥፎ አየሁ። «እንደገና የተሠራ!» ይላል።

ዛሬ ጠዋት ወፍጮ ቤት ተራ ስንጠብቅ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ «ደምሌ፣ ና ፊልም ልጋብዝህ» አልሁት። «አይተኸው አሁንም እቆርጣለሁ ካልህ፣ ሚካኤልን፣ የመጋዙን ሌላ ጫፍ እኔ እይዝልሃለሁ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ደምሌ አልሳቀም።

«ሰማችሁ? ምስክር ናችሁ» አለ።

ከወፍጮው ቀጥታ ቪዲዮ ቤት ገባን። ፊልሙ ጀመረ።

ችግኝ የለ! ልመና የለ! ኤሊየኖቹ ጥርሳቸው ማጭድ ነው፤ ጫካ ውስጥ ተደብቀው ሰው ይበላሉ። ከተማ ይፈነዳል፣ መኪና ይበራል፣ አንዲት ቆንጆ ከእሳት ወደ እሳት ትሮጣለች፣ ፀጉሯ ግን ንቅንቅ አይልም። ይህን የሠራው ሰውዬ አሮጌውን አይቶታል? ወይስ እንደኔ ስሙን ብቻ ነው ያነበበው?

«ቆይ፣ መጨረሻው ላይ ይስተካከላል» እላለሁ በልቤ።

መጨረሻው ላይ ጀግናው ጫካውን እንዳለ አቃጠለው። ኤሊየኖቹ አለቁ። ቪዲዮ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ።

ደምሌም አጨበጨበ!

«አያ ይርጋ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ግሩም ፊልም ነው» አለኝ። «ይነሱ እንጂ! መጋዙን ትናንት አስሞርጄዋለሁ።»

መሐላ ነዋ! በየት በኩል ላምልጥ?

ጽዱ ሥር ደረስን። ውሃ የሚቀዱት ሴቶች እኔን ከመጋዙ ጋር ሲያዩ ክው አሉ። የአንዷ ጀሪካን ሞልቶ ይፈሳል፤ ዘወር ብላም አላየችው።

ተንበረከክሁ። ያዝሁ። ሳብሁ።

ቀዩ ብናኝ እግሬ ላይ ረገፈ። የጽዱ ሽታ ጉሮሮዬ ድረስ ገባ። የገዛ አጥንቴን የምቆርጥ መሰለኝ።

«ደምሌ፣ አሮጌው እኮ እንዲህ አልነበረም» አልሁ ሳላስበው።

«ምኑ?»

«ፊልሙ። እንግዳው ሽማግሌ ነው። ሲመሽ የአንድ ገበሬ ደጅ ቆሞ ‹የእግዜር እንግዳ› አለ።»

ሳወራ ደግሞ አልስብም። እንዲህ ያለ መጋዝ በአንድ ሰው አይሄድም።

«ወሬውን ይተዉና ይሳቡ!»

ዝም ብዬ ሳብሁ። አንዴ፣ ሁለቴ። መጋዙ ቀጥ አለ። የያዘው እሱ ነው!

«እና... ገበሬው አስገባው?»

«አስገባው። እግሩን ሊያጥበው ውሃ ሲያፈስ እንግዳው አለቀሰ። ባገሩ ውሃ ለእግር አይፈስማ።»

ደምሌ እጀታውን ለቀቀ።

«ችግኙንስ ሰጠው?»

«ያለችው አንዲት ናት። ለልጁ ቤት ይሆናል ብሎ የተከላት።»

ይህችን እንኳን እዚያው የጨመርኋት ናት፤ ሚካኤል ይቅር ይበለኝ!

ደምሌ ዛፉን አየ። የሚፈሰውን ጀሪካን አየ። እኔን አየኝ።

«ሰጠው ወይስ አልሰጠውም?»

ወገኖቼ፣ ጉዴ ይኸው! አላውቅም። ያን ዕለት ደብረ ታቦር ልክ እዚህ ላይ ስንደርስ መብራት ጠፍቶ፣ ተነሥተን ወደየቤታችን ሄድን። አርጅቼም መጨረሻውን አላየሁትም።

«ዛሬ ደክሞኛል» አልሁት። «መጨረሻውን ሌላ ቀን እነግርሃለሁ። ጽዱ ከወደቀ ግን እግዜር ቢመጣም አልነግርህም!»

ምንጯ ብቻ ታወራለች።

ደምሌ መጋዙን ከቁስሉ ውስጥ ቀስ አድርጎ መዘዘው። «ቤቱን ለጊዜው በባሕር ዛፍ እናቆመዋለን» አለ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ። ከዚያ ጣቱን ቀሰረብኝ።

«ዕዳ አለብዎት፣ አያ ይርጋ! መጨረሻውን እስኪነግሩኝ ጽዱ መያዣ ነው።»

ቁስሉን ጭቃ ለቅልቄለት መጣሁ። ወገቤ እስካሁን አልተቃናም።

አሁን ልጠይቃችሁ። ከእናንተ መሀል ያን አሮጌ ፊልም እስከ ፍጻሜው ያየ ሰው አለ?

ካለ፣ በእናታችሁ፣ ኮሜንት ላይ እንዳትጽፉት! የደምሌ ልጅ ፌስቡክ አለው።