የባሕር ኤሊ መጥፎ እናት ናት?

የዘንድሮ የቤት ሥራ የሚሰጠው ለልጅ ነው ለወላጅ? እኔስ ግራ ገብቶኛል። አራተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ሶስና ባለፈው ሐሙስ መጥታ «አባ፣ የባሕር ኤሊንና ሲሲሊያንን አወዳድሩ ተብለናል» አለችኝ። ኤሊስ እሺ፤ ሲሲሊያን ደግሞ ማን ናት? ጉርድ ሾላ የተከፈተ አዲስ ካፌ መስሎኝ ነበር። ስልኬን ስጎረጉር ለካ አፈር ውስጥ የምትኖር የእንቁራሪት ዘመድ ናት። እግር የላት፣ እጅ የላት፤ ላያት ሰው ትልቅ ትል ነው የምትመስለው።

ፎቶዋን ሲያዩ አማቴ እማማ ማርታ ከሶፋው ብድግ አሉ። ለሕክምና ከጎሬ መጥተው ሳሊተ ምሕረት እኛ ቤት ካረፉ ወር አልፏቸዋል። ከባለቤቴ ከሊዲያ ጋር ግን ከ«ደህና አደርሽ» ያለፈ ወሬ የላቸውም። ሊዲያን በስድስት ዓመቷ አክስቷ ጋ ትተው ቤሩት ለሥራ የሄዱ ናቸው፤ የተመለሱት እሷ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ነው። ይህ ነገር ቤታችን ውስጥ አይነሳም።

«ይቺንማ አውቃታለሁ!» አሉ እማማ። «ጎደሬ ስቆፍር አግኝቻታለሁ። እባብ መስላኝ ልመታት ስል እንቁላሎቿን ታቅፋ ተጠምጥማለች። ንቅንቅ አላለችም። አሳዘነችኝና አፈሩን መልሼ አለበስኳት።»

ሶስና ጻፈች። ወደ ኤሊዋ ዞርን። እንቁላሏን አሸዋ ውስጥ ቀብራ ወደ ባሕር ትሄዳለች፣ ልጆቿን አታሳድግም ብዬ አነበብኩላት።

«ታዲያ መጥፎ እናት ናታ!» አለች ሶስና፣ ደብተሯ ላይ እየጻፈች። ልጅ አይደለች?

ወሬ ላስቀይር ብዬ ስለ ታክሲ ሰልፍ ልጀምር ስል እማማ ቀደሙኝ። «እኔም ትቼ ሄጃለሁ» አሉ፣ አንገታቸውን ደፍተው።

ሊዲያ ሽንኩርት የነካ እጇን ሳትታጠብ ከኩሽና ወጣች። «ሶሲ፣ እሱን አጥፊው» አለች። «ኤሊ እንቁላሏን እንዲሁ አትጥልም። አውሬ እንዳይበላባት ቆፍራ፣ ሸፍና ነው የምትሄደው።» ከዚያ እናቷ አጠገብ ተቀመጠችና «እማዬ፣ እዚያ ሳለሽ ታስቢኝ ነበር?» አለቻቸው።

እማማ እቅፍ አደረጓት። ሁለቱም ሲያለቅሱ እኔ ሽንኩርቱ ነው ብዬ ለሶስና አስረዳኋት። ወጡ አረረ። ያን ያረረ ወጥ እያመሰገንኩ በላሁት።

ሰኞ ሶስና ከአሥር አራት አግኝታ መጣች። መምህርቷ የፈለጉት የትኛዋ ምን ዓይነት እግርና ቆዳ እንዳላት ነበር፤ እኛ የጻፍነው ስለ እናትነት። ስልክ ደወልኩላቸው። ቅሬታ መስሏቸው ማስረዳት ሲጀምሩ «ኧረ ቲቸር፣ ላመሰግንዎት ነው የደወልኩት» አልኳቸው።

«ይቅርታ፣ የማን አባት ነዎት?» አሉኝ።